የድሮ ሱዙኪዬ የአየር ፊልትሮ፦ ከወራት በኋላ ምን ታዘብኩ?

ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ፊልትሮ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ያህል አየር ያሳልፋል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ግጥም ይላል ወይ?» የሚለውን አስቀድማለሁ። ወራት ሙሉ ሁለት ዓይነት ፊልትሮ ስጠቀም ቆይቼ የደረስኩበት ይህ ነው።

ሞተሯ ሱዙኪ ጂኤስ 850 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1980 ስሪት። አራት ሲሊንደር፣ አራት ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) አላት። ስገዛት ዋናው የፊልትሮ ሳጥን ተነቅሎ በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ አንዳንድ ሾጣጣ ፊልትሮ ተሰክቶላት ነበር። የቀድሞው ባለቤት ሳጥኑን አልጣለውም፣ አብሮ ሰጠኝ። መጀመሪያ በሾጣጣዎቹ ነዳኋት። ከዚያ ሳጥኑን መልሼ፣ ውስጡ እየታጠበ የሚሠራ የጥጥ ፊልትሮ አስገባሁ። አሁንም ያለው እሱ ነው፤ ነገ ሌላ ግዛ ብባል ይኼንኑ እገዛለሁ።

ሾጣጣዎቹ ጥሩ ጎን አላቸው። ከካርቡሬተሮቹ ኋላ ያለው ቦታ ክፍት ስለሚሆን ፈቶ ለማጠብ ይመቻል። ድምፃቸውም ደስ ይላል፤ ነዳጅ ስትሰጧት ታገሳለች። አነዳዱ ላይ ግን ችግር አለ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ምንም አትል። ነዳጅ መስጫውን ሩብ ያህል ስከፍተው ግን ታመነታለች፣ ትቆራረጣለች፣ ከዚያ ድንገት ትነሳለች። ከጎን ነፋስ ሲመታት ደግሞ ይብስባታል።

ምክንያቱ ያለው ካርቡሬተሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1979ኙ ጂኤስ 850 ካርቡሬተር በገመድ በቀጥታ የሚሳብ ነበር። ከ1980 ጀምሮ የገባው የሚኩኒ ኩባንያ ካርቡሬተር ግን በቫክዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት፣ የሚሠራ ነው። እጃችሁ የሚያዘው ቢራቢሮዋን፣ የአየሩን መንገድ የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ክብ ሳህን፣ ብቻ ነው። የቤንዚኑን መርፌ የያዘው ተንሸራታች የሚነሳው በስስ የላስቲክ ድያፍራም ነው። ከድያፍራሙ በላይ ቫክዩም አለ፣ ከታቹ ከካርቡሬተሩ አፍ የሚመጣ ተራ አየር አለ፤ ተንሸራታቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ አፉ ላይ ያለው አየር መረጋጋት አለበት። ሳጥኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ለአራቱም የረጋ አየር አጠራቅሞ ይይዝላቸዋል። ሳጥኑ ሲነሳ የመንገዱ ነፋስ በቀጥታ ካርቡሬተሩን ያገኘዋል።

ሌላም አለ፣ በዓይን የሚታይ። አንዱን ሾጣጣ ነቅዬ የካርቡሬተሩን አፍ በባትሪ አየሁት። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ለጄቶቹ (ቤንዚኑንና አየሩን ለሚመጥኑት ባለ ጠባብ ቀዳዳ ብሎኖች) እና ለድያፍራሙ የሚሄደው አየር የሚገባው በእነሱ ነው። የፊልትሮው የላስቲክ አንገት ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ነበረው። ከንፈሩ አንዷን ቀዳዳ ግማሽ በግማሽ ከድኗታል። የቀዳዳዋ ቅርጽ ላስቲኩ ላይ ታትሞ ይታያል! እንዲህ ታፍና ምን ብላ ትሂድ? ሾጣጣ የግድ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አንገቱን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ከንፈር የሌለውን ምረጡ።

በሾጣጣ ብዙ አየር ከገባ ቤንዚኑም አብሮ መጨመር አለበት። ይህ ማለት ዋናውን ጄት በሚበልጥ ቁጥር መቀየር፣ አንዳንዴም መርፌውን በስስ ሮንዴላ ከፍ ማድረግ ነው። ልክ መሆኑን ካንዴላው ይነግራችኋል። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ በዚህ አትቀልዱ፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ችላ ከተባለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ሳጥኑን መመለስ ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ሳጥኑንና ካርቡሬተሮቹን የሚያገናኙት ላስቲኮች በዕድሜ ብዛት እንጨት ሆነዋል። ፈላ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሳቆያቸው ለሰስ አሉ፣ ያኔ ገጠምኳቸው። በካርቡሬተርና በሞተሩ መሃል ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ግን በአዲስ ቀየርኳቸው። እነሱ ደርቀው አየር ካሳለፉ የትኛውም ፊልትሮ አያድናችሁም፤ አየሩ በጓሮ በር ገብቷል። የሳጥኑ ክዳን ዙሪያም አሮጌው ስፖንጅ ብን ብሎ አልቆ ስለነበር ባለ ማጣበቂያ የበር ስፖንጅ ለጠፍኩበት። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የትነት ማስተንፈሻ ቱቦም (የጭስ ማውጫው አይደለም) ወደ ቦታው፣ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ግልጽ ነው። ጄቶቹ ወደ ፋብሪካ ቁጥራቸው ተመለሱ፣ ማመንታቱ ጠፋ። ነፋስም ዝናብም አይረብሻትም።

አሁን ስለ ጥጡ ፊልትሮ። በሽቦ መረብ መሃል የታጠፈ ጥጥ ነው፤ አቧራውን የሚይዘው የሚቀባው ዘይት ነው። ዘይቱ ቀይ ስለሆነ የት እንደሳሳ ወዲያው ይታያል። አጥበቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማጠቢያውን ትረጫላችሁ፣ ደቂቃዎች ትጠብቃላችሁ፣ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን ታለቀልቃላችሁ። በተቃራኒው ከሆነ አቧራውን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ኮምፕሬሰር አታስጠጉት፣ ጥጡን ይቀደዋል። በእሳትም አታድርቁት። በራሱ ሲደርቅ በየእጥፋቱ ጫፍ ላይ ስስ መስመር ዘይት አድርጉና ጥጡ እስኪመጠው ተዉት። ማነስ አቧራ ያስገባል፣ መብዛት ደግሞ አየሩን ያፍናል፣ ትርፉም ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል።

የማልወድለት ይኼንኑ የማድረቅ ጥበቃ ነው። ጠዋት አጥቦ ወዲያው መንዳት የለም። ለሚቸኩል ሰው የስፖንጅ ፊልትሮ ይቀላል፦ በሳሙና ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ነው፣ መጠምዘዝ ግን ይቀደዋል፤ ደርቆም ቢሆን የራሱን የሚያጣብቅ ዘይት ይፈልጋል። በቤንዚን አትጠቡት፣ መጋጠሚያውን ያላቅቀዋል። የወረቀት ፊልትሮ ደግሞ አይታጠብም፣ ዘይትም አይቀባም፤ አራግፎ መጠቀም፣ ሲያልቅ መጣል ነው። አቧራን በመያዝ ግን ጥሩ ወረቀት አይናቅም፤ መንገዳችሁ ሁልጊዜ አቧራ ከሆነ እኔ ከጥጡ ይልቅ ወረቀቱን እመክራለሁ።

ፊልትሮው ሥራውን መሥራቱን የማረጋግጠው በግራሶ ነው። ከፊልትሮው ወዲያ፣ በንጹሑ ወገን፣ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ በጣት ስስ አድርጌ እቀባለሁ፣ የፊልትሮውንም ጠርዝ ዙሪያውን እቀባለሁ። ለማጠብ ስከፍት ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ አሳልፍበታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በአንዱ ማዕዘን በኩል ቀጭን የአቧራ መስመር ነበር፤ በጣት ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይኮረኩራል። ሲሊንደርና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) የሚበላው ይኼ ነው። ክዳኑን ሳየው ለካ በዚያ ማዕዘን ስፖንጁ አጥሮ ኖሯል። ቁራጭ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ በከፈትኩት ቁጥር ጨርቁ ላይ የሚወጣው ግራሶው ብቻ ነው።