አንድባይብል ለዕብራይስጥ ቃል ፍለጋ፦ በአስቴር 4፥14 «ዕረፍት» ተፈትኖ

ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፈ አስቴርን የሚያስተምር ሰው ምዕራፍ 4 ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። መርዶክዮስ «ዕረፍትና መዳን ለአይሁድ ከሌላ ስፍራ ይሆንላቸዋል» ሲል፣ ሞት ለታወጀበት ሕዝብ ዕረፍት ምኑ ነው? በአማርኛው ብቻ «ዕረፍት» እያሉ መፈለግ አያዋጣም። የሰንበት ዕረፍትም፣ በከነዓን የተሰጠው ዕረፍትም በዚያው ቃል ስለሚጠሩ የተለያዩ የዕብራይስጥ ቃላት ተደባልቀው ይመጣሉ።

ለዚህ ሥራ አንድባይብል የተባለው የአንድሮይድ አፕ ጥሩ መሣሪያ ነው። በነፃ ይገኛል፣ ማስታወቂያ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጻሕፍቱ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዶ መሄድ ነው።

የሚወርዱት ሦስት ናቸው፦ የስትሮንግ ቁጥር ያለው የእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ ትርጉም፣ የስትሮንግ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት እና ቁጥር የገባበት የዕብራይስጡ ንባብ። ስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ በ1890 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥ ቃል ቁጥር ሰጥቷል፤ ቁጥሩ እስከ 8674 ይደርሳል። ፊደሉን የማያነብ ሰው ቃሉን በቁጥሩ ይከታተላል። ቁጥሮቹ ካልታዩ የጽሑፍ አማራጮች ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «አፑ አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ አስቴር 4፥14ን ከፍቶ «ኢንላርጅመንት» (መስፋት) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ ያለውን 7305 መንካት ነው። የሚከፈተው ቃል «ሬዋሕ» ነው፤ ፊደሎቹ በ118ኛው መዝሙር ክፍሎች ራስ ላይ የምናውቃቸው ሬስ፣ ዋው፣ ሔት ናቸው። በእንግሊዝኛ «ሪሊፍ» (እፎይታ፣ እርዳታ) ብሎ የሚፈልግ ግን ይህን ጥቅስ ጨርሶ አያገኘውም። ኪንግ ጄምስ ያን ቃል የተጠቀመው ሐዋርያት ሥራ 11፥29 ላይ፣ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ስለተላከው እርዳታ ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላቱ መጨረሻ ላይ ያለው «ሁሉንም ፈልግ» ሲነካ አፑ መጀመሪያ የፍለጋ ማውጫ ልሥራ ይላል። ይህ ጊዜም ባትሪም ስለሚወስድ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ቢደረግ ይሻላል። ውጤቱ ሁለት ጥቅስ ብቻ ነው፦ አስቴር 4፥14 እና ዘፍጥረት 32፥16። አብዛኛው ፈላጊ እዚህ ያቆማል፤ ትልቁ ስሕተትም ይህ ነው። ስትሮንግ ከአንድ ሥር የወጡትን ቃላት ለየብቻ ስለሚቆጥራቸው፣ በመግለጫው ውስጥ «ከ7304» የሚለውን ተከትሎ ወደ ግሡ መሄድ፣ ከዚያም ከዚያው ሥር የወጣውን 7309ን መክፈት ግድ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ሰባት ጥቅስ ይሆናሉ፤ ትርጉሙ የሚወጣውም ከሰባቱ ነው።

ዘፍጥረት ላይ ያዕቆብ ለዔሳው የላከውን መንጋ ሲያስነዳ በመንጋና በመንጋ መካከል «ሬዋሕ» አድርጉ ይላል። መንዝ ውስጥ በግ የነዳ ሰው ይህን ለማስረዳት መምህር አያሻውም፤ መንጋው እንዳይደባለቅ የሚተው ክፍት ቦታ ነው። ኤርምያስ 22፥14 ላይ ግሡ የሚናገረው ስለ ንጉሡ ሰፋፊ ሰገነቶች ነው። ዘጸአት 8፥15 ላይ ጓጉንቸሮቹ ሲሞቱ ፈርዖን ያየው 7309፣ «ርዋሓ» ነው፤ የእኛ «ፋታ» እዚህ ላይ ልክክ ይላል። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥56 ደግሞ ከጉድጓድ ለሚጮኸው ሰው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ኢዮብ 32፥20 ላይ ኤሊሁ ሆዱ መተንፈሻ እንደሌለው የወይን ጠጅ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ተናግሬ ተንፈስ ልበል ይላል።

ሰባተኛው ከሁሉም ይበልጣል። 1ኛ ሳሙኤል 16፥23 ላይ ዳዊት በገና ሲመታ ለሳኦል «ራዋሕ» ሆነለት፤ በዚያው ቁጥር ያስጨነቀው መንፈስ «ሩዋሕ» ይባላል። በፊደል አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በንባባቸው ነው። አናባቢ በሌለው ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው መንፈስንና ፋታን ያደባልቃል። መንፈስ 7307 ስለሆነ ቁጥሩን ማየት ከዚህ ያድናል።

እንግዲህ በአስቴር ያለው ዕረፍት ከድካም ማረፍ አይደለም። ለተጣበበ ሰው የሚከፈት ስፋት፣ ለታፈነ ሰው የሚመጣ ትንፋሽ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው በ4ኛው መዝሙር «አርሐበ» (አሰፋ) የሚለውን የግእዝ ቃል ያስታውሳል። የዚያ የዕብራይስጥ ሥር ሌላ ነው፣ ቁጥሩም 7337፤ አሳቡ ግን ይኸው ከጭንቅ ወደ ስፋት መውጣት ነው።

አፑን ሲጠቀሙ የሚያሳስቱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በመዝገበ ቃላቱ መግለጫ መጨረሻ፣ ከሰረዙ በኋላ የተደረደሩት ቃላት ኪንግ ጄምስ ቃሉን የተረጎመባቸው መንገዶች ናቸው። አንዱን መርጦ «ዕብራይስጡ እንዲህ ማለት ነው» ማለት ትክክል አይደለም። የጥቅስ ቁጥርም ይለያያል፦ በዕብራይስጡ ዘፍጥረት 32፥16 የሚገኘው 32፥17 ላይ፣ ዘጸአት 8፥15 ደግሞ 8፥11 ላይ ነው። በስልክ ተርጓሚ መፈተሽም አይበጅም። በዘመናዊው ዕብራይስጥ ቃሉ ትርፍ ማለት ስለሆነ የንግድ ትርጉም ይዞ ይመጣል። በቃላት መካከል የሚተወው ክፍተት ዛሬም በዚሁ ስም መጠራቱ ግን ከያዕቆብ መንጋ ጋር ይገጥማል።

ጉድለቱ ቋንቋው ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ለማይገባው የአብነት ተማሪ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልጋል። የግእዙን አስቴር ለመመርመርም አያገለግልም። የግእዝ ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው ከግሪኩ የተተረጎመ ነው፤ ግሪኩ ደግሞ በ4፥14 «ረድኤትና መጠለያ» የሚል አሳብ ስላለው ስፋቱም ትንፋሹም እዚያ የሉም። ለዚያ ሥራ ከአፑ ይልቅ የግእዝ መምህር ዘንድ መሄድ ይሻላል።