«ዕቃ አይጎዳም» ተብለው የሚሸጡ ተለጣፊ የሕፃናት መቆለፊያዎችን ስለመግዛት

ለወጥ ቤት ቁም ሳጥንና መሳቢያ የሚሆኑ፣ ያለ ብሎን በማጣበቂያ ብቻ የሚያያዙ የሕፃናት መቆለፊያዎችን ለመግዛት ያሰባችሁ ወላጆች፣ በማሸጊያው ላይ «ዕቃ አይጎዳም» ተብሎ የሚጻፈው ማረጋገጫ ምንን እንደሚጨምር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። እኔ እንደተረዳሁት ማረጋገጫው የሚናገረው ቀዳዳ ስላለመኖሩ ብቻ ነው፤ መቆለፊያው በሚነሣበት ጊዜ ቀለሙን፣ ቫርኒሹን ወይም በኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ በተሠራ ጣውላ) ላይ የተለበጠውን ስስ ፕላስቲክ ይዞ ቢነሣ ኃላፊነቱ የገዢው ይሆናል።

የገዛሁት ብዙ ፍሬ የያዘ ጥቅል ነበር። ከምድጃው አጠገብ የለጠፍኋቸው በእንፋሎትና በቅባት ብዛት ብዙም ሳይቆዩ ተላቀቁ፤ ጸንተው የቆዩት ደግሞ ሲነሡ የመዝጊያውን ቀለም ልጠው ወጡ። ሻጩ የማጣበቂያው መሸፈኛ አንዴ ከተላጠ ዕቃው እንደ አሮጌ ስለሚቆጠር ገንዘብ አልመልስም አለ። ይህ ደንብ የሰፈረው በማሸጊያው ውስጥ በተቀመጠች ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ብቻ የሚነበብ ደንብ ለማን እንደተጻፈ አንባቢ ይፍረድ።

ችግሩ የማጣበቂያው ድክመት ብቻ አይደለም። ማጣበቂያው የሚይዘው እንጨቱን ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ያለውን ቀለም ስለሆነ፣ የማጣበቂያው ኃይል ቀለሙ እንጨቱን ከያዘበት ኃይል የበረታ እንደሆነ ቀድሞ የሚለቀው ቀለሙ ነው። ስለዚህ «እጅግ ጠንካራ» የሚለው ማስታወቂያ ቀለም ለተቀባ መዝጊያ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። ጠንካራ የሚባሉት የአክሪሊክ ማጣበቂያዎችም ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከ72 ሰዓት ያህል በኋላ በመሆኑ፣ ለጥፋችሁ ወዲያው ልጅ እንዲጎትታቸው ከፈቀዳችሁ አይቆዩም። ማጣበቂያ ወደ ጎን የሚስበውን ኃይል በደንብ ይቋቋማል፤ ከጠርዝ ጀምሮ የሚገነጥለውን ግን አይችልም፤ መሳቢያን ከፊት ለፊት የሚይዝ ማሰሪያ ቶሎ የሚላቀቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙን ማዳን የሚፈልግ ሰው ከውስጥ የሚለጠፈውንና በማግኔት ቁልፍ የሚከፈተውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ከውጭ አይታይም። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት እጀታዎች መካከል የሚገባው መቆለፊያ ምንም ማጣበቂያ የለውም፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ 900,000 ያህል የዚህ ዓይነት መቆለፊያዎች ሕፃናት ሊከፍቷቸው ስለቻሉ ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። በረኪናና የምድጃ ማጽጃን የመሳሰሉ ነገሮች ምንም ዓይነት መቆለፊያ ቢገዛ ከታችኛው ቁም ሳጥን ወጥተው ከፍ ያለ ቦታ መቀመጥ አለባቸው።

ያልከፈታችሁት ጥቅል ካለ መሸፈኛውን ሳትልጡ መልሱ። የለጠፋችሁ ደግሞ በጉልበት አትሳቡት፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከመቆለፊያው ሥር የጥርስ ክር አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳባችሁ ቁረጡት፤ የቀረውን ሙጫ በጣት አሽታችሁ አንሡ። አሴቶን ግን አትንኩ፤ ከሙጫው ጋር ቫርኒሹንም ያሟሟል።