«ቫራይቲ»፦ የማሪያ ታኬኡቺ አልበም ለጎጃም ጆሮ

«ሲቲ ፖፕ» የሚባለው የጃፓን ዘፈን የአሜሪካን ፈንክ፣ ሶልና ጃዝ ከጃፓንኛ ግጥም ጋር ያዋሐደ የከተማ ሙዚቃ ነው። በመሰንቆ ያደገ ጆሮ ከዚህ ሙዚቃ ጋር መተዋወቅ ከፈለገ፣ የማሪያ ታኬኡቺ «ቫራይቲ» ጥሩ መግቢያ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተዋጣ አልበም ነው ማለቴ ግን አይደለም። አልበሙ የወጣው በሚያዝያ 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) ሲሆን፣ ዜማውንና ግጥሙን በሙሉ የደረሰችው ዘፋኟ ራሷ ናት፤ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ባለቤቷ ታትሱሮ ያማሺታ ነው።

ኤንካ የተባለውን የጃፓን ዘፈን የሰማ ሰው፣ ብዙዎቹ ዜማዎች ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት 5 ድምፆችን እንደሚጠቀሙ ያስተውላል። ያንን ዝምድና ፍለጋ ይህን አልበም የሚገዛ ግን አያገኘውም፤ እዚህ የሚሰማው ከጃዝ የተወሰደና ማረፊያውን እያዘገየ የሚሄድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምር) ነው። ዝምድና ከተፈለገ በመሣሪያው በኩል ይገኛል፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ 7 ኪቦርድ የዚያን ዘመን የጃፓን ፖፕ እንደሞላው ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ አልበም ውስጥም ይሰማል።

አልበሙን የሚያስገዛው «ፕላስቲክ ላቭ» የተባለው ዘፈን ነው። በፍቅር የቆሰለች ሴት ከእንግዲህ ፍቅርን እንደ ጨዋታ ብቻ እንደምትይዘው ትናገራለች፤ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም፣ እንጉርጉሮም የለበትም። አዝማሪ ጉሮሮውን ሲያርገበግብ መስማት የለመደ ሰው አዘፋፈኗን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ብርታቱ እዚያ ላይ ነው እላለሁ፤ እሷ ያልተናገረችውን ጭንቀት የኮኪ ኢቶ ቤዝ ጊታርና የጁን አኦያማ ድራም ተሸክመውት ይሄዳሉ። ስለዚህ በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚሰማው ሰው የዘፈኑን ግማሽ ያጣል፤ ጥሩ ስፒከር ባለው መኪና፣ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ ሲጓዙ ቢሰማ፣ ቤዙ በግልጽ ይወጣል። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1985 በሲንግል (ለብቻው) ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም፤ ዓለም ያወቀው ከ30 ዓመታት በኋላ በዩቲዩብ ነው።

የቀረው ክፍል እንደ ስሙ የተለያየ ነው። አንዱ ዘፈን እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን የሊቨርፑል ባንዶች ያስታውሳል፣ ሌላው የብራዚሉ ቦሳ ኖቫ ስልት ነው። በጥንቃቄ የተሠሩ መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ከ«ፕላስቲክ ላቭ» በኋላ ስሜቱ ስለሚበታተን አንዳንዶቹን እዘላቸዋለሁ። ለሠርግ የሚሆን ሙዚቃ የሚፈልግም ሌላ ይፈልግ፤ እስክስታ አይወርዱበትም።

ለሚገዛ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ለ30ኛ ዓመቱ የወጣውን፣ ድምፁ እንደገና የተስተካከለውንና ተጨማሪ ዘፈኖች ያሉበትን እትም እመክራለሁ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ስሜት ያለው አልበም የሚሻ ግን፣ እነዚሁ የቤዝና የድራም ተጫዋቾች የተሳተፉበትን የያማሺታን እ.ኤ.አ. የ1982 አልበም «ፎር ዩ» ያስቀድም።