«ፎርማት ይደረግ» ላላለችን እህታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ቀጭን ላፕቶፕ ታቅፋችሁ ከጥገና ቤት ጥገና ቤት ለምትንከራተቱ ሁሉ ይድረስ። መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አለች። ስሟ አደባባይ እንዳይወጣ ራሷ ስለጠየቀችን አንጽፈውም። ሥራዋን ግን ዝም ብለን ብናልፈው ነውር ነው።

ቢሯችን ውስጥ የቤት ፕላንና የስሪዲ ሥራ የሚሠራባቸው ሦስት ቀጫጭን ላፕቶፖች አሉ። አንዱ የኢንቴል 11ኛ ጀነሬሽን፣ ኮር አይ5-1145ጂ7፣ 8 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ)። ሁለተኛው አርቲኤክስ 3050 የኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለው። ሦስተኛው የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር ያለው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ አስመርረውናል። አንዱ ስኬችአፕ በሚባለው የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ሞዴል ሲዞር ይንተፋተፋል፣ አንዱ መብራት በጠፋ በሁለት ሰዓቱ ይሞታል፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ሲወጣ እንደ ምጣድ ይሞቃል።

እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያየነውን ሳንናገር ግን አናልፍም። የሱቆቹንም የሰዎቹንም ስም አናነሳም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ ጋ ክዳኑ እንኳ ሳይከፈት «ፎርማት ይደረግ» ተባለ፤ ሁሉም ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ተደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መንተፋተፍ ጀመረ። ይዘን ብንሄድ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ፎርማት ይደረግ።» ሁለት ጊዜ ገንዘብ ከፍለን ያተረፍነው የጠፉ ፎንቶች ብቻ። ሌላው «ግራፊክስ ካርድ እንጨምርለታለን» ብሎ ቀብድ ተቀበለ። ወገን፣ ቀጭን ላፕቶፕ ላይ የግራፊክሱ ቺፕ ወይ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ አካል ነው፣ ወይ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እንደ ዴስክቶፕ የሚነቀልና የሚሰካ ካርድ የለውም። ምን ሊጨምርለት እንደነበር እሱ ይወቅ፤ ቀብዱ እስከ ዛሬ እሱ ዘንድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ባትሪው አልቆለታል» ብሎ አዲስ ሸጠልን። ተለጣፊው ላይ 60 ዋት-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ይላል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጠየቅ 38 ብሎ መለሰ።

ወደ እሷ ስንሄድ እንግዲህ ተስፋችን ተሟጦ ነበር። የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል ትከፍላላችሁ?» አይደለም። «የሚንተፋተፈው ቻርጀር ተሰክቶ ነው ወይስ ተነቅሎ?» ነው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭና ታስክ ማናጀርን ከፈተች። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ የሜሞሪውን መስመር ነካችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ ከሁለት ስሎት (የራም ማስገቢያ) አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። ከዚያ ጂፒዩ ወደሚለው፣ ማለትም ወደ ግራፊክሱ ቺፕ፣ ወረደች። የግራፊክሱ ስም «ኢንቴል ዩኤችዲ» ይላል። በስሙ መጨረሻ ጂ7 ያለው የ11ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር «አይሪስ ኤክስኢ» ማለት ነበረበት። የኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። ራሙ በአንድ መስመር ብቻ ሲመጣለት ውሂብ የሚያልፍበት መንገድ በግማሽ ይጠብበታል፣ ኢንቴልም ስሙን ወደ ዩኤችዲ ያወርደዋል።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ነገር ነው እንድንጽፍ ያደረገን። ላፕቶፑን ወደ ጓዳ ወስዳ አልጠፋችም። እፊታችን አጠፋችው፣ ቻርጀሩን ነቀለች፣ የታችኛውን ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ፈትታ እንደየቦታቸው ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው። ርዝመታቸው አንድ ስላልሆነ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርድ ይወጋል። የጊታር መምቻ በመሰለች ፕላስቲክ ዙሪያውን ፈልቅቃ ክዳኑን አነሳችው። ምንም ከመንካቷ በፊት የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ነቀለች፤ ብዙ ጥገና ቤት የሚዘላት እርምጃ ይቺ ናት። ባዶዋን ስሎት አቧራ ሸፍኗት ነበር። በብሩሽ አጸዳችና 8 ጊጋ ዲዲአር4 3200 ራም ጋደም አድርጋ አስገብታ ወደ ታች ተጫነችው። በሁለቱም ጎን ያሉት መያዣዎች ቀጭ አሉ። አንዱ ጎን ብቻ ቀጭ ካለ ራሙ አልገባም፤ ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ሲበራ ስሙ ተቀይሯል። አይሪስ ኤክስኢ። ያው የሚንተፋተፍ ሞዴል ሲዞር ዝም ብሎ ዞረ። ላፕቶፑን ይዘው የሄዱት አንጋፋ ባልደረባችን «ልንጥለው ነበርኮ!» ቢሏት ሳቅ ብላ «ጋሼ፣ ማሽኑ አልደከመም፤ በአንድ እግሩ ነበር የቆመው» አለቻቸው። ያስከፈለችን የራሙን ዋጋና የሰላሳ ደቂቃ ሥራዋን ብቻ ነው። መደርደሪያዋ ላይ ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች ለሽያጭ ተደርድረው ነበር፤ አንዱን እንኳ «ይሄ ይሻላችኋል» ብላ አላሳየችንም። እጅሽ ይባረክ!

እዚህ ላይ ለገዢዎች አንድ ነገር። ሁሉም ዩኤችዲ ራም ሲጨመርለት አይሪስ አይሆንም። ኮር አይ3-1115ጂ4 ከተፈጥሮው ዩኤችዲ ነው። ራሙ ሙሉ በሙሉ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደበትና ባዶ ስሎት የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ምንም አይጨመርለትም፤ ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ስንት ስሎት እንዳለው ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀ ታስክ ማናጀሩን ራሳችሁ ክፈቱ። ራይዘን ላይ ስሙ አይቀየርም እንጂ ችግሩ ያው ነው፤ ባለ አንድ ራም ራይዘን ግራፊክሱ ይራባል።

ወደ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች እንዲያዝ ወደሚያደርገው ፕሮግራም ስንመጣ፣ እነዚያ ሁለት «ፎርማቶች» ጉድ አድርገውናል። ዊንዶውስ ተጭኖ ሲያልቅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የድራይቨር ጥቅል ተጭኖበታል፤ ከላዩ ላይ ዊንዶውስ አፕዴት ሌላ ደርቦበታል። እሷ መጀመሪያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ቁጥር የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱ አስተባባሪ ቺፕ) እና የግራፊክሱን ድራይቨር አውርዳ ፍላሽ ላይ አደረገች። ዋይፋዩን አጠፋች፤ ካልጠፋ አሮጌው በተነሳ ደቂቃ ዊንዶውስ የራሱን ይተካል። ዊንዶውስ በጥቂት ነገር ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ ገብታ ዲዲዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የድሮውን ከነሥሩ ነቀለች። ሪስታርት፣ ቺፕሴት፣ ሪስታርት፣ ግራፊክስ፣ ሪስታርት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኢንተርኔት የተለቀቀው።

ድራይቨር ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። በደንብ ነው የሚገናኘው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ግራፊክሱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል ማለት ነው። የስክሪኑ ብርሃን አልቀንስ ይላል፤ የዩቲዩብ ቪዲዮ እንኳ ሙሉ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ይቀልጣል። 11ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ኤቪ1 የተባለ የቪዲዮ ዓይነት በግራፊክሱ በቀላሉ ይፈታል፤ ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ ግን ያ ችሎታ ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ሁለተኛው፣ ባለ አርቲኤክሱ፣ በሁለት ሰዓት የሚሞተው ነው። ባትሪ የተሸጠልን ለዚህ ነበር። ጥፋቱ ባትሪው ላይ አልነበረም። የሆነ ሰው፣ ፍጥነት ይጨምራል ብሎ፣ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ሁሉንም ፕሮግራም በኤንቪዲያው እንዲሠራ አድርጎታል። እንዲህ ሲሆን ብራውዘር ስትከፍቱም፣ ደብዳቤ ስትጽፉም ትልቁ ቺፕ አይተኛም። እሷ ወደ አውቶማቲክ መለሰችው፤ ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ በሚለው ውስጥ ሉሚየንን (የስሪዲውን ሥራ ወደ ምስል የሚቀይር ፕሮግራም) እና ስኬችአፕን ብቻ ለይታ ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ አስገባች። ሌላው ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ጋር ባለው ትንሹ ግራፊክስ ይሠራል። ደግሞም በኤችዲኤምአይ ትልቅ ስክሪን የምትሰኩ ልብ በሉ፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያ ቀዳዳ በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር የተገናኘ ስለሆነ ስክሪኑ እስካለ ድረስ እንቅልፍ የለውም። ተኝቷል አልተኛም ብሎ ደጋግሞ በመለኪያ ፕሮግራም ማየትም ራሱ ይቀሰቅሰዋል፤ ይቺን ስትነግረን ስቀናል።

አርቲኤክስ 3050 የሚል ተለጣፊ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። የላፕቶፑ 3050 ከ35 እስከ 80 ዋት ድረስ ነው የሚሠራው፤ ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ። ቀጭን አካል ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ወገን ነው። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ከፍተኛው ዋት ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ካላሳየ ውጡ።

ባትሪን በተመለከተ ግምት አትወድም። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጭረት፣ ከዚያ «ባተሪሪፖርት» ጻፈች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑ የታወቀ ነው። የሚወጣው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልጉ፦ ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የራይዘናችን 53 ሆኖ ተሠርቶ አሁን 34 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ጽሁፍ ሲጻፍበት ወደ 7 ዋት ይበላል፤ 34ን ለ7 ስታካፍሉ 5 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። «ገና ነው፣ አትቀይሩት» አለችን። የግድ የሚቀየረው ሲያብጥ ነው፤ ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ያን ቀን መጠቀም አቁሙ፣ አትውጉት፣ አትጫኑት። ቻርጀር ተሰክቶ ለሚውል ማሽን ደግሞ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ከአምራቹ ፕሮግራም ወይም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው ማስተካከያ፣ ከባዮሱ፣ ታስተካክላለች።

ቦርሳ ውስጥ የሚሞቀው ነገርም ቀላል ሆኖ ተገኘ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ እንደ ስልክ በከፊል ነቅተው ነው የሚያንቀላፉት። ክዳን ሲዘጋ «ሃይበርኔት» እንዲሆን፣ ማለትም ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ አደረገችው፤ አለቀ።

በመጨረሻ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ እንዴት እንደሚወዳደሩ አሳየችን። የስክሪን ብርሃን እኩል፣ ያው የስኬችአፕ ፋይል፣ ቻርጀር ተነቅሎ፣ ባትሪው ከ90 ወደ 70 እስኪወርድ በሰዓት ይያዛል፤ የተገኘው ደቂቃ በ5 ይባዛል። ከ100 መጀመር ያሳስታል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት በመቶዎች እውነት አይናገሩም። ሉሚየን ላይ ባለ አርቲኤክሱን የሚነካው የለም፤ ሲነቀል ግን ጉልበቱ ጉልህ ሆኖ ይወርዳል፣ ያን ያህል ዋት ባትሪው አይሰጥምና። መብራት በጠፋበት ቀን ሳይት ላይ ይዘነው የምንወጣው ራይዘኑን ሆኗል። ለፕላንና ለቀላል ስሪዲ ደግሞ ያ ሊጣል የነበረው አይ5 በቂ ነው፤ እንዲያውም ዋጋው ሲታይ ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው።

እህታችን፣ ክበሪልን። የሰው ገንዘብ የሚያሳዝነው ባለሙያ ስንት አለ? ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት፣ በተለይ «ፎርማት ይደረግ» ስትባሉ እሺ ከማለታችሁ በፊት እሷን አሳዩ። ደግመን እንላለን፣ እሷን አሳዩ። አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ስትሄዱ የራሱን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፤ 65 ዋት የሚፈልገውን ማሽን በ45 እየሰካችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ሰኞ ጠዋት ወረፋ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል።