«ዌብሳይት ከነ ኢሜይሉ» ለሚሏችሁ ብራችሁን እንዳትሰጡ

ወገኖቼ፣ በተለይ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ፔንሲዮን ያላችሁ፣ ይህን አንብቡና ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ። ዛሬ ከባሕር ዳር የተመለስኩት ደሜ እንደፈላ ነው፤ አሁንም አልበረደልኝም።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው በቴሌግራም «ዌብሳይት፣ ዶሜይን፣ ሆስቲንግ፣ ፕሮፌሽናል ኢሜይል፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ» እያሉ የሚለጥፉት ናቸው። ዶሜይን የሚሉት የዌብሳይታችሁ የአድራሻ ስም ነው፤ ሆስቲንግ ደግሞ ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ቦታ። የዓመቱን ክፍያ ቀድመው ይቀበላሉ። ሳትከፍሉ ስልካቸው ቶሎ ይነሳል፤ ከከፈላችሁ በኋላ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ለእኔ ፔንሲዮን የሠሩት እንግዳ ክፍል የሚይዝበት ዌብሳይት ነው። እንግዳው ፎርሙን ሲሞላ ጥያቄው ይደርሰኛል፤ እኔ «አረጋግጥ» የሚለውን ስጫን ማረጋገጫው በኢሜይል ለእንግዳው ይሄዳል፤ ውላችን ይህ ነበር። የእንጅባራ ትልቁ ገበያ ደግሞ ጥር 23 ነው፣ የጊዮርጊስ ዕለት የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል። ጥያቄ በመጣ ቁጥር አረጋገጥኩ፣ ክፍሎቹን ያዝኩ፣ በሬ ላይ የቆመውን እንግዳ «ተይዟል» እያልኩ መለስኩ። በዓሉ ደረሰ፤ ክፍል የያዝኩላቸው አልመጡም። ደውዬ ያገኘኋት አንዲት ሴት «መልስ ስናጣ ሌላ ቦታ ያዝን እኮ፤ አንድ ቃል እንኳ አልጻፋችሁልንም» አለችኝ።

ቢሯቸው ሄድኩ። ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ «ማዘር፣ ይሠራል እኮ» አለና ከዌብሳይቱ ወደ ድርጅቴ የኢሜይል አድራሻ ሙከራ ላከ። ወዲያው ገባ። «ወደ ጂሜይሌ ላክልኝ» አልኩት። ላከ፤ አልመጣም። «ስፓም ውስጥ እዪ» አለኝ። እዚያም የለም። በእናቱ ዕድሜ ያለሁትን «አንቺ» እያለ ነው ይህን ሁሉ የሚያወራኝ። ማታ የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ የድርጅቱ አድራሻ ዌብሳይቱ ባለበት በዚያው ሰርቨር፣ ማለትም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መልእክቱ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ያ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም፤ ልጁም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ማወቁን በዓይኔ አየሁ። ከጀርባው ቆሜ ሳለሁ ሌላ የመልእክት ሳጥን ከፈተ፤ የእኔ አይደለም፣ እነሱ ብቻ የሚገቡበት ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ርዕስ ነው፦ «ሜይል ዴሊቨሪ ፌይልድ»፣ መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው። ማረጋገጫዎቼ አንድ በአንድ ተመልሰው እዚያ ተከማችተዋል። ወደ ታች ሲወርድ የዚያችን የደወልኩላትን ሴት አድራሻ አየሁት፤ አንዱን ሲከፍተው 550-5.7.26 የሚል ቁጥር አለበት። ጂሜይል የላኪው ማንነት ስላልተረጋገጠ አልቀበልም ማለቱ ነው። ያልተነበበ መልእክት ደምቆ እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ ከእነዚህ አንዱም አልደመቀም። ሲያነቧቸው ከርመዋል! እኔ ባዶ ክፍል ታቅፌ ስጠብቅ እነሱ እያነበቡ ዝም ብለዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው ገጹን ዘጋው።

ኃላፊው መጣና «የጉግል ችግር ነው፤ ፕሪሚየም ኢሜይል ጨምሪበት፣ ይስተካከላል» አለኝ። ያው የከፈልኩበትን እንደገና ሊሸጥልኝ! ስቆጣ «ለአንድ ፔንሲዮን ይሄን ያህል?» ብሎ ወደ ልጁ ዞሮ ሳቀ። ያቺ ፔንሲዮን ልጆቼን ያሳደግሁባት ናት።

የጉግል ችግርም አይደለም። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ላኪው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ኤስፒኤፍ በዶሜይናችሁ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም መልእክቱ ላይ ፊርማ ያኖራል፤ ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫው ሲወድቅ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይናገራል። ሦስቱም በዶሜይኑ የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ፣ ማለትም ስለ ዶሜይኑ ሌሎች ሰርቨሮች በሚያነቡት ዝርዝር ላይ፣ የሚጻፉ መስመሮች አሏቸው። የእህቴ ልጅ ሲያይ የእኔ ላይ አንዱም አልተጻፈም። እሱ እንዳይጽፈው ደግሞ ዶሜይኑ የተመዘገበው በእነሱ ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስጠይቅ «አሠራራችን አይፈቅድም» አሉኝ።

ስለዚህ ዶሜይኑ በራሳችሁ ስም ካልተመዘገበ አትክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊትም እፊታችሁ ከዌብሳይቱ ወደ ጂሜይላችሁ እንዲልኩ አድርጉ፤ መልእክቱን በኮምፒውተር ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ «ሾው ኦሪጅናል» በሉ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም «ፓስ» (አልፏል) ካላሉ ተነሥታችሁ ውጡ።

በእኔ ዌብሳይት ፎርም ሞልታችሁ መልስ ያጣችሁ ካላችሁ ጽፌላችሁ ነበር፤ አልደረሳችሁም እንጂ። ዶሜይኑን እስኪያስረክቡኝ ድረስ ክፍል የምይዘው በስልክ ብቻ ስለሆነ ደውሉልኝ።