ሃይታች፣ ሴንሰስ ወይስ የራስ ስክሪፕት? የዌርሃውስ ዳታን ወደ ሽያጭ ቡድኑ ለመመለስ የቱ ይሻላል

የሽያጭ ሰራተኛ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ሲአርኤም (የደንበኛ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር) ላይ ነው። ዳሽቦርድ ብትሰሩለት አንድ ሰሞን ያየዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ደንበኛው በወሩ ስንት ጊዜ እንደገዛ፣ መጠቀም መቀነሱን የሚያውቀው ግን ዌርሃውሱ፣ የድርጅቱ ዳታ ሁሉ የሚከማችበት ቋት ነው። ይህን እንደ ስኖውፍሌክ ወይም ቢግኩዌሪ ካለ ዌርሃውስ አውጥቶ እንደ ሴልስፎርስና ሀብስፖት ያለ ሲአርኤም ወይም ጉግል ሺትስ ላይ የማስገባቱ ስራ ነው ሪቨርስ ኢቲኤል የሚባለው። ሃይታችና ሴንሰስ ይህን ስራ የሚሰሩ፣ ተገዝተው የሚገቡ መሳሪያዎች ናቸው።

አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ከስንት መሳሪያ ጋር ይገናኛል?" ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ያስተማረኝ አንድ ሌሊት ነው።

በዚያን ጊዜ የምንጠቀመው ራሳችን የጻፍነውን የፓይተን ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል፣ ሰንጠረዡን ያነባል፣ ሲአርኤሙ ላይ ይጽፋል። አንድ ሌሊት ሰንጠረዡ እንደ አዲስ እየተገነባ ሳለ ደረሰበት። ግማሹ ደንበኛ ገና አልገባም። ስክሪፕቱ ያላገኛቸውን በሙሉ "የለቀቀ ደንበኛ" ብሎ መዘገባቸው። ጠዋት ሻጮቹ በዋዜማው ለከፈሉ ሰዎች እየደወሉ "ለምን ተዋችሁን?" ማለት ጀመሩ። አንዲት ባልደረባዬ ስልኩን እንደያዘች ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። መስመሩ ላይ ያለው ሰው የደረሰኙን ቁጥር እያነበበላት ነበር።

ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ረድፍ ሲጠፋ ወይም ሳይገባ ሲቀር መሳሪያው ምን ያደርጋል? ለማንስ ይናገራል?

የራስ ስክሪፕት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መድረሻችሁ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የምትልኩትም ጥቂት ዓምድ ከሆነ፣ በቂ ነው። ግን ስሌቱን ቀድማችሁ ስሩ። 40,000 ደንበኛ አለ እንበል። በየሰዓቱ አንድ በአንድ ብትልኩ በቀን 960,000 ጥሪ (ፕሮግራማችሁ ወደ ሲአርኤሙ የሚልከው ጥያቄ) ይሆናል። የሴልስፎርስ ኢንተርፕራይዝ እትም መነሻ ገደብ ደግሞ በ24 ሰዓት 100,000 ጥሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው በገዛችሁት የተጠቃሚ ፈቃድ ብዛት ነው። በአንድ ጥሪ 200 ረድፍ አሽጋችሁ ብትልኩ ግን በቀን 4,800 ጥሪ ይበቃል። ሀብስፖት በአንድ ጥሪ የሚቀበለው እስከ 100 ነው። የተቀየረውን ብቻ ብትልኩ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ይወርዳል። የተቀየረውን ለይቶ መላክ፣ ያልገባውን መዝግቦ እንደገና መሞከር፣ ገደብ ሲደርስ መታገስ፤ ይህን ሁሉ የሚጽፈው የእናንተው ሰው ነው። እሱ ስራ የለቀቀ ቀን ማን እንደሚረከበው ከአሁኑ አስቡ።

ሃይታችና ሴንሰስ ይህን ሸክም ያነሱላችኋል። ሁለቱም ያለፈውን ውጤት ከአሁኑ ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ብቻ ይልካሉ። ለዚህ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ የማይደገም መለያ ቁጥር ይፈልጋሉ። ማነጻጸሪያውን እዚያው ዌርሃውሳችሁ ውስጥ እንዲያስቀምጡም ማድረግ ይቻላል። የመጻፍ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ነገር ግን የደንበኛ መረጃ መሳሪያውን የሚሸጠው ኩባንያ ጋር እንዳይከማች ለሚጨነቅ መስሪያ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ልዩነታቸው ያለው ማን ይጠቀምበታል በሚለው ላይ ነው። ሃይታች ልቡ ወደ ማርኬቲንግ ያደላል። የማርኬቲንግ ሰራተኛዋ ኤስኪውኤል (የዳታ መጠየቂያ ቋንቋ) ሳትጽፍ "በ30 ቀን ውስጥ ያልገዙ" ብላ ዝርዝር ታወጣለች፣ ወደ ማስታወቂያ ትልካለች። ቡድናችሁ ይህን የሚፈልግ ከሆነ ሌላ ብዙ አትልፉ። ሴንሰስን ደግሞ በ2025 ፋይቭትራን ገዝቶታል። ፋይቭትራን ዋና ስራው ዳታን ከመሳሪያዎች ወደ ዌርሃውስ ማምጣት ነው። እሱን አስቀድማችሁ የምትከፍሉ ከሆነ መግቢያውም መውጫውም ከአንድ ኩባንያ ጋር ይሆንላችኋል። ይህ ለውል ይመቻል፣ ለዋጋ ድርድር ግን አቅም ያሳጣል። ፋይቭትራን በማምጣቱ በኩል በወር በተነካ ረድፍ ብዛት ነው የሚያስከፍለው። የሚወጣው ረድፍ እንዴት እንደሚቆጠር በጽሑፍ አስመልሱ።

ራደርስታክ ወይም ሴግመንት (የደንበኛ ዳታ መሰብሰቢያ መሳሪያዎች ናቸው) ቀድሞውኑ ካላችሁ የእነሱን ሪቨርስ ኢቲኤል ሞክሩ፤ ለዚህ ብሎ አዲስ መግዛት ግን አልመክርም። ግሩፓሩ የሚባል ክፍት ምንጭ መሳሪያም ነበር። በ2022 ኤርባይት ገዛውና ልማቱ ቆመ። አሁንም በድሮ ጽሑፎች ላይ ስሙን ታገኙታላችሁ፣ እንዳትጀምሩበት።

ማንም የማይነግራችሁ ወጪ ደግሞ አለ። እሱም የዌርሃውሱ ነው። ስኖውፍሌክ ከእንቅልፉ በተነሳ ቁጥር ቢያንስ 60 ሰከንድ ያስከፍላል። በየ5 ደቂቃው ሲንክ ካደረጋችሁ (ዳታውን ከላካችሁ) በቀን 288 ጊዜ ይነሳል። ይህ ብቻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፣ ትንሹ መጠን እንኳ በሰዓት 1 ክሬዲት (የስኖውፍሌክ የሂሳብ መለኪያ) ይበላል። በየሰዓቱ ቢሆን 24 ደቂቃ ነው። ሻጩ ደንበኛውን በቀን አንዴ የሚያይ ከሆነ የ5 ደቂቃ ሲንክ ለማን ነው?

አገር ቤት ላለን ሰዎች ደግሞ ትልቁ ራስ ምታት መለያው ነው። ሀብስፖት ሰውን ከሰው የሚለየው በኢሜይል ነው። የእኛ ደንበኛ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ሌላ የማይደገም መለያ አበጅቶ በእሱ ማዛመድ ይቻላል፤ ሳትጀምሩ አበጁት። ስልኩም ቢሆን አንዱ ጋ 0911፣ ሌላው ጋ 251911 ተብሎ ይጀምራል። ሺትስ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የፊቷን 0 ይበላታል፣ 911 ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። ሴልስፎርስ በበኩሉ የመጨረሻ ስም ካልተሞላ አይቀበልም። ሙሉ ስምን ክፍተቱ ላይ ቆርጣችሁ ከላካችሁ ገብረ መድኅን የተባለው ሰው "ገብረ" ሆኖ ይገባል፣ "መድኅን" ደግሞ አባቱ ይሆናሉ። ይህን የሚያስተካክል መሳሪያ አላየሁም። ከመውጣቱ በፊት ዌርሃውሱ ውስጥ አጽዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምመርጠው። መድረሻ አንድ፣ የዳታ ሰው አንድ ከሆነ ስክሪፕት። ግን "የረድፉ ብዛት ከትናንቱ በ10 በመቶ ከቀነሰ ቁም" የሚል ትእዛዝ የግድ ይኑረው፤ ያን ሌሊት ያጣነው እሱን ነው። ማርኬቲንግ ራሱ ዝርዝር ማውጣት ከፈለገ ሃይታች። ፋይቭትራን ቤታችሁ ውስጥ ካለ ሴንሰስ። የውጭ ምንዛሬ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ በየወሩ በዶላር መክፈል የሚያስተጓጉለውን ከአሁኑ አስቡት፤ ክፍያው ዘግይቶ ሲንኩ ቢቆም ሻጮቹ የቆየ መረጃ እያዩ መሆኑን እንኳ አያውቁም።

ከመፈረማችሁ በፊት በሙከራ አካውንት 200 ረድፍ ላኩ። አምስቱን ሆን ብላችሁ አበላሹ፦ አንዱን ያለ አባት ስም፣ አንዱን በ911፣ አንዱን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ያለ መለያ፣ አንዱን ደግሞ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር 30/2 ተብሎ። ከዚያ ሰንጠረዡን ባዶ አድርጋችሁ ድጋሚ ላኩ። የትኛው መሳሪያ የትኛው ረድፍ ለምን እንዳልገባ በስሙ ጠርቶ እንደሚነግራችሁ፣ የትኛውስ ባዶውን ሳይጠይቅ እንደሚልክ በአንድ ከሰዓት ታዩታላችሁ።