ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፦ ቻርተር ወይስ የሰፈር ትምህርት ቤት?
ቻርተር የግል ትምህርት ቤት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን በራሱ ቦርድ የሚመራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ቻርተሩም የሰፈሩም ያለ ክፍያ ናቸው። የአንድ ተማሪ መሠረታዊ በጀትም በአንድ ቀመር ነው የሚሰላው።

ልዩነቱ አዛዡ ላይ ነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከንቲባው ራሱ በሚሾመው ቻንስለር (የትምህርት ቤቶቹ ዋና ኃላፊ) በኩል ያስተዳድራል፤ ነገር ሲበላሽ ማንን እንደምትወቅሱ ታውቃላችሁ፣ ከፈለጋችሁም በምርጫ ትቀጡታላችሁ። ቻርተሩን ግን የሚመራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ቦርድ ነው፤ መምህር ይቀጥራል፣ ሥርዓተ ትምህርት ይመርጣል፣ ሕንፃም ራሱ ያፈላልጋል፣ ለዚህም በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ይህን ቦርድ እናንተ አትመርጡትም።

የቻርተሩ ፈቃድ ለ15 ዓመት ነው፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ውጤት ካጣ ሊዘጋ ይችላል (ያኔ ልጅ ይዞ መንከራተቱ የወላጅ ነው)።

ቻርተር መግባት አመልካች ከበዛ በዕጣ ነው። የሰፈሩ ግን ከኬጂ ጀምሮ፣ ለእሱ በተመደበው አካባቢ የሚኖረውን ልጅ አይመልስም። ዕጣው ካልወጣላችሁ አትበሳጩ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የሰፈሩን ሄጄ አየዋለሁ።